ለሞተር መቆጣጠሪያ ሣጥን የትኛው ማይክሮከርነል ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዎቹ አራት ባለሙያዎች ሲሆኑ የፋብሪካ ሞተሮችን የሚቆጣጠር ሣጥን እየሠሩ ነው። ሣጥኑ ባለ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር፣ አንድ የኤተርኔት መስመርና ሁለት የሴሪያል መስመሮች አሉት። ማስተካከያ የሚደረግበት ትንሽ ድረ ገጽና የሥራ መዝገብ ማከማቻም ይፈልጋል። ያላቸው ጊዜ 18 ወር ነው። ዋናው መስፈርታቸው የኔትወርኩ ክፍል ቢወድቅ እንኳ የሞተር ቁጥጥሩ እንዳይናጋ ነው። የራሳቸውን ማይክሮከርነል (አብዛኛውን ሥራ ከራሱ ውጭ ላሉ ፕሮግራሞች የሚተው ትንሽ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማዕከል) ከመጻፍ፣ ተዘጋጅተው ካሉት ኤስኢኤል4ን፣ ኪውኤንኤክስን፣ ዚርከንን ወይም ሚኒክስ 3ን ከመውሰድ የቱ እንደሚሻል ይጠይቃሉ። ማይክሮከርነል ቀርፋፋ ነው መባሉንም ሰምተዋል።

መልሱን ላስቀድም። የራሳችሁን ከርነል አትጻፉ። ኤስኢኤል4ን ማይክሮኪት ከሚባለው ማዕቀፍ ጋር ውሰዱ። የሞተር ቁጥጥሩንና እያንዳንዱን ድራይቨር (አንድን መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ለየብቻ አስቀምጡ፤ ድረ ገጹንና መዝገቡን ግን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ለሚሠራ ሊኑክስ ተዉለት። ይህ ምክር የሚጸናው ሁለት ነገር ካረጋገጣችሁ ነው። አንደኛው፣ ለመረጣችሁት ቦርድ የኤተርኔት ድራይቨር መኖሩ ወይም የሚጽፈው ሰው ዛሬውኑ መመደቡ ነው። ሁለተኛው፣ ከታች በስፋት የምመጣበት የዲኤምኤ (መሣሪያዎች ያለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ የሚጽፉበት መንገድ) ጉዳይ መልስ ማግኘቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የከርነል ስም መምረጥ ትርፉ ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው ማይክሮከርነል ሲመርጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመረጠ ይመስለዋል። ከርነሉ የሚሰጣችሁ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ትሬድ (በተራው የሚሠራ የፕሮግራም ፍሰት)፣ የአድራሻ ቦታ (ለአንድ ፕሮግራም የተከለለ ሜሞሪ)፣ የመልእክት መተላለፊያ፣ ኢንተራፕትን (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ለሚመለከተው ፕሮግራም ማድረስ፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስን የኬፓቢሊቲ ሥርዓት። ፋይል ሲስተም የለም፤ የኔትወርክ ስታክም (የኔትወርኩን ንግግር የሚመራው ኮድ) የለም። ኤስኢኤል4 ከተነሳ በኋላ ለራሱ ሜሞሪ እንኳ አይመድብም። ሲነሳ የቀረውን ሜሞሪ በሙሉ ለመጀመሪያው ፕሮግራም ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ ትሬድም ሆነ ፔጅ ቴብል (የሜሞሪ አድራሻዎች ካርታ) የሚፈጠረው ፕሮግራሙ ከያዘው ሜሞሪ ቆርሶ ሲሰጥ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ዮከን ሊድትከ በ1995 ያስቀመጠው መርህ ይህንኑ ይላል፤ አንድ ነገር ከርነል ውስጥ እንዲኖር የሚፈቀደው ወደ ውጭ ቢወጣ ሲስተሙ የሚፈለግበትን ሥራ መሥራት የሚሳነው ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ18 ወራችሁ ውስጥ አብዛኛውን የሚበላው ከርነሉ ያልያዘው ነገር ሁሉ ነው፤ ምርጫችሁም በዚያ በኩል መታየት አለበት።

ስለ ፍጥነት

«ማይክሮከርነል ቀርፋፋ ነው» የሚለው አባባል መነሻ አለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማክ በዘመኑ እጅግ የታወቀው ማይክሮከርነል ነበር። በ50 ሜጋኸርዝ 486 ፕሮሰሰር ላይ አንድ አጭር መልእክት ለማድረስ 115 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ሊድትከ በ1993 ያንኑ ሥራ በዚያው ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ በ5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ሠርቶ አሳየ። የማክ ችግር ኮዱ ሰፊ መሆኑ ነበር፤ በእያንዳንዱ መልእክት ብዙ የከርነል ኮድና ዳታ ወደ ካሽ (የፕሮሰሰሩ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ሲገባ የፕሮግራሞቹን ያስወጣል፤ ፕሮግራሞቹ ሲመለሱ እንደገና ከሜሞሪ ይጭናሉ። በ1997 ሊኑክስ የሊድትከ ማይክሮከርነል በሆነው በኤል4 ላይ ተቀምጦ ሲለካ ከፍተኛው የሥራ መጠኑ ከተለመደው ሊኑክስ ዝቅ ያለው በ5 በመቶ ብቻ ነበር። ማክ ላይ ከከርነል ውጭ የተቀመጠው ሊኑክስ ኪሳራ የዚህ 7 እጥፍ ነበር። ወሬው ከማክ ዘመን ተርፎ የመጣ ነው።

ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የራሳችሁን ሣጥን አስሉት። በዘመናዊ አርም ላይ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ መሻገር በመቶዎች የሚቆጠር ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ይወስዳል፤ ለስሌቱ 500 እንያዝ። አንድ የኔትወርክ ፓኬት ከድራይቨር እስከ አፕሊኬሽን 4 ጊዜ ቢሻገር 2,000 ሳይክል ነው። 1 ጊጋቢት ኤተርኔት ሙሉ መጠን ባላቸው ባለ 1,500 ባይት ፓኬቶች ሲሞላ በሰከንድ 81,000 ገደማ ፓኬት ያመጣል። ሁለቱ ሲባዙ በሰከንድ 162 ሚሊዮን ሳይክል ይሆናል፤ ከአንድ 1.5 ጊጋኸርዝ ኮር 11 በመቶ ያህል ማለት ነው። ያስኬዳል። ያው መስመር በባለ 64 ባይት ፓኬቶች ከተሞላ ግን በሰከንድ 1,488,000 ፓኬት ይመጣል፤ ለመሻገሪያ ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ሳይክል ይጠይቃል፤ ኮሩ ያለው ግን ግማሹ ነው። አንድ ሰው በኔትወርኩ ላይ ትናንሽ ፓኬት ቢያጎርፍባችሁ የሚገጥማችሁ ይህ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፓኬት መልእክት አለመላክ ነው። በሁለት ክፍሎች መካከል የጋራ ሜሞሪ ይዘረጋል፤ በላዩ አንድ ወገን ብቻ የሚጽፍበት፣ አንድ ወገን ብቻ የሚያነብበት ሪንግ (እየዞረ የሚሞላ ወረፋ) ይቀመጣል፤ ድራይቨሩ ያገኘውን ሁሉ ሪንጉ ላይ ከደረደረ በኋላ አንድ ማሳወቂያ ይልካል። በአማካይ 16 ፓኬት በአንድ ማሳወቂያ ካለፈ ከላይ ያለው 11 በመቶ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። 2 ሜጋባይት የጋራ ሜሞሪ እያንዳንዳቸው 2,048 ባይት የሆኑ 1,024 ባፈሮች (የፓኬት ማስቀመጫዎች) ይይዛል፤ ለአንድ መስመር ጥሩ መነሻ ነው። ለኤስኢኤል4 የተዘጋጀው የድራይቨር ማዕቀፍ ኤስዲዲኤፍ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሪንጉን ከባዶ አትጻፉት። የከርነሉን መልእክት ለትእዛዝ ብቻ ተጠቀሙበት። የኤስኢኤል4 ፈጣን መንገድ የሚከፈተው መልእክቱ ከአራት ሪጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ካልበለጠ፣ ኬፓቢሊቲ አብሮ ካልተላከ፣ ተቀባዩ አስቀድሞ እየጠበቀ ከሆነና ከተቀባዩ የሚበልጥ ቅድሚያ ያለው ሌላ ዝግጁ ትሬድ ከሌለ ነው። አምስተኛ ሪጅስተር ጨምራችሁ ፍጥነቱ በድንገት ቢወርድ ምክንያቱን እዚህ ፈልጉት።

ድራይቨሮቹንና ዲኤምኤን አስቀድሙ

ወረቀት አውጡና የሚያስፈልጋችሁን ድራይቨር ቁጠሩ። የሰዓት ቆጣሪ፣ ሁለት ዩአርት (የሴሪያል መስመር መሣሪያ)፣ ኤተርኔት፣ ለመዝገቡ ኤስዲ ካርድ ወይም ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተገጠመ ማከማቻ)፣ ዋችዶግ (ሲስተሙ ከቆመ እንደገና የሚያስነሳ ቆጣሪ)፣ በመጨረሻም የቺፑን ክሎክና የፒን አመዳደብ የሚያዘጋጅ ድራይቨር። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይረሳል። በልማት ጊዜ ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ኮድ) ፕሮግራሙን በኔትወርክ ስለሚጭን የኤተርኔቱን ክሎክ አብርቶ ይተወዋል፤ ድራይቨራችሁም ያለ ችግር ይሠራል። ምርቱ ከኤስዲ ካርድ መነሳት የጀመረ ቀን ክሎኩን የሚያበራው የለም፤ ድራይቨሩ ሪጅስተር ሲያነብ ወይ ዜሮ ያገኛል፣ ወይ የባስ ስህተት ተነስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በሁለቱም መንገድ እያስነሳችሁ ፈትኑ።

ከሁሉ የከበደው ዲኤምኤ ነው። ድራይቨርን ከከርነል ማውጣት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። የኤተርኔት መሣሪያው የመጣውን ፓኬት የሚጽፍበትን ፊዚካል አድራሻ የሚነግረው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ ተሳስቶ ወይም ተጠልፎ ሌላ አድራሻ ቢሰጠው መሣሪያው በፕሮሰሰሩ ፔጅ ቴብል በኩል ስለማያልፍ የሞተር ቁጥጥሩን ሜሞሪ፣ የከርነሉንም ጭምር ይደመስሳል። ይህን የሚያግደው አይኦኤምኤምዩ የሚባለው ሃርድዌር ነው፤ በአርም ላይ ስሙ ኤስኤምኤምዩ ነው። ርካሽ ቦርዶች ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ 4 የለውም። ደግሞ በቺፑ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የመረጣችሁት የከርነልና የማዕቀፍ ስሪት ያንን ኤስኤምኤምዩ መምራት እንደሚችል ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ሰነዱ ላይ አረጋግጡ። በኢንቴል ማሽኖች ላይ የኤስኢኤል4 ድጋፍ የቆየ ነው፤ በአርም በኩል ከቺፕ ቺፕ ይለያያል።

ኤስኤምኤምዩ ከሌለ ፊዚካል አድራሻ የሚነካውን ኮድ ማሳነስ ነው ያለው አማራጭ። የኤተርኔት ድራይቨሩ የመሣሪያውን ሪጅስተርና የዴስክሪፕተር ሰንጠረዡን (ባፈሮቹ የት እንዳሉ ለመሣሪያው የሚነግረውን) ብቻ ያንቀሳቅስ፤ ፓኬቱን ከፍቶ አይመልከት። የቲሲፒ ስታኩ በሌላ ክልል (ለብቻው በተጠበቀ ክፍል) ይሁን፤ ስለ ባፈር ሲናገርም በጋራው ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ኦፍሴት (ከመነሻው ያለውን ርቀት) ይስጥ እንጂ ፊዚካል አድራሻ አይወቅ። ኦፍሴቱን መርምሮ ወደ አድራሻ የሚቀይረው በመካከል ያለው ቨርቹዋላይዘር ነው። ከውጭ ለጥቃት የተጋለጠው ትልቁ ኮድ ስታኩ ስለሆነ በዚህ አከፋፈል አብዛኛው አደጋ ከዲኤምኤ ይርቃል። ድራይቨሩ ራሱ ግን እንደ ከርነሉ የታመነ ክፍል ሆኖ ይቀራል፤ በደኅንነት ሰነዳችሁም እንደዚያው ጻፉት።

እዚህ ላይ ከሊኑክስ እንግዳው (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ካለው ሊኑክስ) ጋር የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የኢኤምኤምሲ መቆጣጠሪያው በቀጥታ ለእንግዳው ይሰጣል። ኤስኤምኤምዩ በሌለበት ይህ ማለት ያ ሁሉ የሊኑክስ ኮድ በፈለገው አድራሻ ላይ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ሊኑክሱ ያለ ዲኤምኤ እንዲሠራ ቢዋቀርም ለውጥ የለውም፤ ሪጅስተሩ በእጁ እስካለ ድረስ ዲኤምኤን ራሱ ማብራት ይችላል። ለእንግዳው ቨርትአይኦ (የቨርቹዋል ማሽን ምናባዊ መሣሪያ) ብቻ ስጡት፤ ከጀርባው ትንሽ የራሳችሁ የብሎክ ድራይቨር ይቁም።

እጩዎቹ

የራሳችሁን ከርነል መጻፍ የሚያጓጓው ጅምሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ሁለት ትሬድ እየተቀያየሩ ስክሪን ላይ ሲጽፉ ማየት የሳምንታት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰጠ ፈቃድን ከነቅርንጫፎቹ መንጠቅ፣ ፔጅ ቴብል ሲቀየር ቲኤልቢን (ፕሮሰሰሩ የአድራሻ ትርጉሞችን የሚይዝበትን ማስታወሻ) በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማጽዳት፣ ረጅም ሥራን በኢንተራፕት መሐል አቋርጦ መመለስ ይመጣል። እነዚህ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች በወር አንዴ ብቅ እያሉ የሚጠፉ ናቸው። ኤስኢኤል4 በ2009 በሒሳብ ሲረጋገጥ 8,700 ገደማ የሲ መስመር ብቻ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ወደ 20 የሰው ዓመት ፈጀ። አራት ሰው በ18 ወር ያለው ከርነልም፣ ድራይቨርም፣ ምርትም ተደምሮ 6 የሰው ዓመት ነው።

ኪውኤንኤክስ ጠንካራ አማራጭ ነው፤ ገንዘብ ካላችሁ በቁም ነገር እዩት። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በመኪናና በሕክምና መሣሪያ ውስጥ የኖረ ነው፤ ከ2010 ወዲህ የብላክቤሪ ንብረት ነው። ፖዚክስን (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞችን የጋራ ደረጃ) ስለሚደግፍ ለሊኑክስ የተጻፈ ኮድ በትንሽ ለውጥ ይሄዳል፤ ለብዙ ቦርዶች ድራይቨር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ለደኅንነት የተመሰከረለት ስሪትም አለው። ደንበኛችሁ የአይኢሲ 61508 (የኢንዱስትሪ ደኅንነት ደረጃ) ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ክፍያው ከምታወጡት ድካም ያንሳል። ጉድለቱ ኮዱ የእናንተ አለመሆኑና ለምርት የንግድ ፈቃድ መግዛት ግድ መሆኑ ነው።

ዚርከን የጉግል ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሆነው የፊውሻ ከርነል ነው፤ በ2021 በኔስት ሃብ (የጉግል የቤት ስክሪን) ላይ ለሕዝብ ደርሷል። ጥራቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ነገር ግን ከመቶ ሃምሳ በላይ ሲስተም ኮል (ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠሩበት ትእዛዝ) ያለው፣ ከፊውሻ ግንባታ ጋር የተሳሰረና አቅጣጫው በአንድ ኩባንያ ውሳኔ የሚለዋወጥ ነው። ለአራት ሰው ቡድን ከብዶ ይታየኛል። ሚኒክስ 3 የወደቀ ድራይቨርን መልሶ በማስነሳት ያስተማረው ብዙ ነው፤ የመጨረሻ ስሪቱ 3.3.0 ግን በ2014 የወጣ ነው። ተማሩበት፤ ምርት አትሥሩበት። በረስት ቋንቋ የተጻፈው ሬዶክስም ለዚህ ሥራ ገና ነው። ዋይፋይ፣ ዩኤስቢና ግራፊክስ የሚፈልግ የኮምፒውተር ሲስተም ብትሠሩ ኖሮ ጄኖድን እመክር ነበር፤ የሊኑክስ ድራይቨሮችን ከከርነል ውጭ አውጥቶ ማሠራት ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ከሥሩም ኖቫን፣ ኤስኢኤል4ን ወይም ሌላ ከርነል ማስቀመጥ ይቻላል። ፕሮሰሰራችሁ ኤምኤምዩ (የፕሮግራሞችን ሜሞሪ የሚለይ ሃርድዌር) የሌለው አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ቢሆን ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም፤ ያኔ ዜፈር ዓይነቱን አነስተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማየት ነው።

የኤስኢኤል4 ማረጋገጫ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ በግልጽ እወቁ፤ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይመካበታል። ማረጋገጫው የሚሠራው ለተወሰኑ አርክቴክቸሮችና ለተወሰኑ ኮንፊገሬሽኖች ነው። ብዙ ኮርን በአንድ ከርነል የሚያንቀሳቅሰው ኮንፊገሬሽን አልተሸፈነም። ማይክሮኪት የሚጠቀመውን በበጀት የሚመራ የሰዓት አመዳደብ ደግሞ በምትወስዱት ስሪት የት እንደደረሰ የፕሮጀክቱ የማረጋገጫ ሠንጠረዥ ላይ እዩ። የእናንተን ድራይቨርና አፕሊኬሽን ማንም አላረጋገጠላችሁም። ፈቃዱን በተመለከተ ከርነሉ በጂፒኤል ስሪት 2 የተለቀቀ ነው፤ በላዩ የሚሠራውን የራሳችሁን ፕሮግራም ክፍት እንድታደርጉ አያስገድድም፤ ከርነሉን ራሱን ከቀየራችሁ ግን ለውጡን ምርቱን ለሚቀበሉ ሰዎች ማቅረብ አለባችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ አንድ ዩአርት በኪውኢሙ ላይ

ቦርዱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ማይክሮኪት የኪውኢሙን (በኮምፒውተር ላይ ሌላ ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) «ቨርት» የአርም ማሽን ይደግፋል፤ የመጀመሪያ ድራይቨራችሁ በዚያ ላይ ያለው ዩአርት ይሁን። ማይክሮኪት ሲስተሙን በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ይገልጸዋል፤ የትኞቹ የጥበቃ ክልሎች እንዳሉ፣ እያንዳንዱ የትኛውን ሜሞሪ እንደሚያይ፣ በማን መካከል ቻናል እንዳለ። የዩአርቱ ሪጅስተሮች በሄክስ (በ16 መሠረት አጻጻፍ) 9000000 ላይ ይጀምራሉ። አንድ ባለ 4,096 ባይት ፔጅ በዚህ ፊዚካል አድራሻ ላይ ታውጃላችሁ፤ ወደ ድራይቨሩ ክልል በማንበብና በመጻፍ ፈቃድ ታስገባላችሁ። እዚህ ላይ ካሽ እንዳይደረግ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ማይክሮኪት ካሽ እንደሚደረግ ይቆጥረዋል። ኪውኢሙ ካሽን ስለማያስመስል እዚያ ምንም አይታይም፤ እውነተኛው ቦርድ ላይ ግን ወደ ሪጅስተሩ የጻፋችሁት ካሽ ውስጥ ተቀምጦ መሣሪያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ቀጥሎ ኢንተራፕቱ ነው። የማሽኑ ዲቫይስ ትሪ (የመሣሪያዎቹ መግለጫ ሰነድ) ለዩአርቱ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ 0፣ 1፣ 4። ዜሮው ኢንተራፕቱ ለሁሉም ኮሮች የጋራ መሆኑን ይናገራል፤ 1 ቁጥሩ ነው፤ 4 ደግሞ ምልክቱ ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ ኢንተራፕቱ ንቁ መሆኑን ያሳያል። የጋራ ኢንተራፕቶች ቆጠራ ከ32 ስለሚጀምር በማይክሮኪት ፋይል ላይ የሚጻፈው 33 ነው። 1 ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ስህተት ሳይነገረው ለዘላለም ይጠብቃል። የአንድ ኮር የግል ኢንተራፕት ከሆነ የሚደመረው 16 ነው።

ኢንተራፕቱ አንድ ጊዜ መጥቶ ዳግመኛ ካልመጣ አክኖውሌጅ አላደረጋችሁም። ኤስኢኤል4 ኢንተራፕት ሲመጣ ይሸፍነውና ለድራይቨሩ ማሳወቂያ ይልካል፤ ድራይቨሩ ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ እንደተሸፈነ ይቆያል። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። መጀመሪያ ፊደሉን ከዩአርቱ አንብቡ፤ ቀጥሎ የመሣሪያውን የኢንተራፕት ምልክት አጽዱ፤ በመጨረሻ ለከርነሉ ጨርሻለሁ በሉ። ከገለበጣችሁት መሣሪያው ምልክቱን ገና ስላላወረደ ያው ኢንተራፕት ወዲያው ተመልሶ ይመጣል፤ ድራይቨሩ በባዶ ይሽከረከራል። ሌላም አለ፤ የማይክሮኪት የዲበግ ማተሚያ የሚሠራው በዲበግ ኮንፊገሬሽን ብቻ ነው። ወደ ሪሊስ (ለምርት ወደሚሆነው) ስትቀይሩ ስክሪኑ ጭጭ ካለ ሲስተሙ ሞቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ በራሳችሁ የዩአርት ድራይቨር አትሙ። የእያንዳንዱ ክልል ስታክ (ፈንክሽኖች የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ካልቀየራችሁት 8 ኪሎባይት መሆኑንም አስታውሱ፤ በፈንክሽን ውስጥ ትልቅ ባፈር ማወጅ በቀላሉ ይጥለዋል።

ኪውኢሙ የማያሳያችሁ ትልቁ ነገር በዲኤምኤ ባፈሮች ላይ ነው። እውነተኛው ቦርድ ላይ መሣሪያው ካሹን የማያይ ከሆነ ድራይቨሩ ፓኬት ከመላኩ በፊት ካሹን ወደ ሜሞሪ ማስወጣት፣ የመጣውን ከማንበቡ በፊት ደግሞ የድሮውን የካሽ ቅጂ መሰረዝ አለበት። ዴስክሪፕተሩን ለመሣሪያው ከማስረከባችሁ በፊት የሜሞሪ ባሪየር (ከሱ በፊት የተጻፈው ቀድሞ እንዲታይ የሚያስገድድ ትእዛዝ) ያስፈልጋል። ይህ ሲጎድል ፓኬቶች በአብዛኛው ደህና ሆነው አልፎ አልፎ ከመካከላቸው 64 ባይት የድሮ ዳታ ሆኖ ይገኛል፤ 64 ባይት የካሽ መስመሩ መጠን ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት ስታዩ የቲሲፒ ስታኩን አትመርምሩ።

የሣጥኑ አከፋፈል

በማይክሮኪት ጥበቃ ያለው ጥሪ (ሌላው ክልል እስኪመልስ የሚጠበቅበት ጥሪ) ማድረግ የሚቻለው ከራስ ከፍ ያለ ቅድሚያ ወዳለው ክልል ብቻ ነው። ይህ ሕግ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የሚቆለፉበትን ሁኔታ ከሥሩ ይነቅለዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ማሳወቂያ ብቻ ተጠቀሙ። ለሣጥናችሁ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከላይ የሰዓት ቆጣሪው ድራይቨር፣ ቀጥሎ የሞተር ቁጥጥሩ፣ ከዚያ የሴሪያል ድራይቨሮች፣ ኤተርኔቱና ቨርቹዋላይዘሩ፣ ከዚያ የቲሲፒ ስታኩ፣ ከሁሉም በታች የሊኑክስ እንግዳው። ቅድሚያ የሚሰጠው ከ0 እስከ 254 ባለው ቁጥር ነው፤ በየደረጃው መካከል ክፍተት ተዉ።

ሞተሩ የሚታዘዘው በሴሪያል በኩል ከሆነ ያ አንዱ ዩአርት ከቁጥጥሩ በላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ ቁጥጥሩ ሊጠራው አይችልም። ኤተርኔቱ ከቁጥጥሩ በታች መሆኑ የፓኬት ጎርፍ ሲመጣ ቁጥጥሩ እንዳይዘገይ ያደርጋል፤ የሚጎዳው ኔትወርኩ ብቻ ይሆናል። ከሥሩ ያሉትም እንዲተነፍሱ ለኤተርኔቱ በጀት ስጡት፤ በየ1,000 ማይክሮሰከንዱ 200 ማይክሮሰከንድ መነሻ ይሁናችሁ፤ ከዚያ ለክታችሁ አስተካክሉ። የሞተር ቁጥጥሩ ከኔትወርክ የሚቀበለው በጋራ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ትእዛዙን አስቀድሞ ወደ ራሱ ሜሞሪ ይቅዳ፤ የሚመረምረውም የሚፈጽመውም ቅጂውን ይሁን። ከጋራው ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ካነበበ ከመረመረው በኋላ ሌላው ወገን ሊቀይርበት ይችላል። ዋችዶጉን የሚነካው ይኸው ክልል ብቻ ይሁን፤ ሌላ ማንም ፔጁን አይይ።

የወደቀ ድራይቨርን መልሶ ማስነሳት ከሚመስለው ይከብዳል። በማይክሮኪት አንድ ወላጅ ክልል የልጁን ውድቀት ተቀብሎ እንደገና ሊያስነሳው ይችላል፤ ሆኖም ኮዱን እንደገና ማስጀመር ቀላሉ ክፍል ነው። ድራይቨሩ ሲሞት የኤተርኔት መሣሪያው አልሞተም፤ በተሰጡት አድራሻዎች ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ስለዚህ ወላጁ መጀመሪያ መሣሪያውን በሪሴት ሪጅስተሩ በኩል ያስቁም፤ መቆሙን አንብቦ ያረጋግጥ፤ ከዚያ በሪንጉ ላይ ተንጠልጥለው የቀሩትን ባፈሮች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው ይመልስ፤ በመጨረሻ ድራይቨሩን ያስነሳ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አዲሱ ድራይቨር ለሌላ ሥራ በሰጠው ባፈር ላይ የድሮው ትእዛዝ ይጽፍበታል። በየሌሊቱ ድራይቨሩን በዘፈቀደ ሰዓት እየገደለ ሞተሩ ከጊዜው መዘግየት አለመዘግየቱን የሚለካ ፈተና አዘጋጁ፤ ይህ ፈተና ያላለፈ ስሪት ከቤት አይውጣ።

ጊዜውን በተመለከተ የመጀመሪያውን ወር ለኪውኢሙ ስጡ፤ ዩአርት፣ የሰዓት ቆጣሪ፣ ሁለት ክልሎች በሪንግ ሲነጋገሩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር በእውነተኛው ቦርድ ላይ ለኤተርኔት ብቻ ይሁን። ማዕቀፉ የሚደግፈውን ቦርድ ለምሳሌ ኦድሮይድ ሲ4ን ወይም ማክስቦርድን ይዛችሁ ከጀመራችሁ በዚህ ጊዜ ፓኬት መሄድ አለበት። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ቦርዱ ለአንድ ሙሉ ቀን ያለ ስህተት ፓኬት ካላመላለሰ የቀረው ጊዜ ለቀሩት ድራይቨሮች አይበቃምና፣ በዚያ ሳምንት የኪውኤንኤክስን የዋጋ ጥያቄ ላኩ።